ቲፎዞ ማን ነው?

በቋንቋችን ውስጥ ተመቻችተው ከተቀመጡት የጣልያንኛ ቃላት አንዱ «ቲፎዞ» ነው። በኳስ ሜዳ ዙሪያ ተሰልፎ ለቡድኑ የሚጮኸውን፣ የሚዘምረውን፣ ቡድኑ ሲሸነፍ እንባ የሚተናነቀውን ሰው ቲፎዞ እንለዋለን። ቃሉ ግን በኳስ ሜዳ ተወስኖ አልቀረም፤ ወደ ስብሰባ አዳራሽም ገብቷል። ሐሳቡን በክርክር ኃይል ሳይሆን በጭብጨባ ብዛት ለማሳለፍ ሲል ወዳጆቹን አስቀድሞ በየወንበሩ ያስቀመጠውን ሰው «ቲፎዞ አደራጅቶ መጣ» እያልን እናማዋለን። እኔም ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስናገረው ኖሬአለሁ። ክብደቱ የገባኝ ግን ከኳስም ከስብሰባም ርቄ፣ በቃሉ የትውልድ አገር፣ በመኪና እሽቅድምድም ወዳጆች መካከል ባመሸሁበት በአንድ እሑድ ነው።

ዕለቱ ኖቬምበር 9 ቀን 2025 ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለአንድ የቴአትር ዐውደ ጥናት ወደ ቦሎኛ ሄጄ ሳለ፣ ከዚያ ብዙም በማትርቀው በሞዴና ከተማ የምትኖረውን የአጎቴን ልጅ ልጠይቅ ሄድሁ። ሞዴና በ1898 ኤንዞ ፌራሪ የተወለደባት ከተማ ናት፤ በስሙ የሚጠራው ፋብሪካ የሚገኝባት ማራኔሎም ከከተማይቱ በስተደቡብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። የአጎቴ ልጅ ኑሮዋን የምትመራው ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን አንድ ጡረተኛ በመንከባከብ ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ከአባባ ጋር ሳታመሽ አትሄድም» አለችኝ። «ዛሬ ውድድር አለ። ፌራሪ በሚወዳደርበት ቀን ብቻቸውን ከሆኑ ይናደዱና ደማቸው ከፍ ይልብኛል። አንተ አጫውታቸው፤ እኔ አስተረጉማለሁ።»

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን የጨረሱት ለመኪና ፋብሪካዎች ዕቃ በምትሠራ አነስተኛ ወርክሾፕ ውስጥ፣ በቶርኖ ላይ ቆመው ነው። «ቶርኖ» ያሉትን ያለ አስተርጓሚ መረዳቴ አስገረማቸው። በአገራችን ጋራዦች የሚነገሩትን ቃላት፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ እያልሁ ስቆጥርላቸው እንደ ሕፃን ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ሳቃቸውን ገታ አደረጉና «በመልካም መንገድ ብቻ አልደረሱላችሁም» አሉ። እውነት ነው። ከጣልያን ጋር ያለን ታሪክ የወረራና የደም ታሪክም ነው። ሆኖም የሠራተኛው እጅ ቃሉን ከወራሪው ነጥቆ የራሱ መሣሪያ አድርጎታል። ይህን ስነግራቸው በራሳቸው ንቅናቄ ተስማሙ።

«ቲፎዞ የሚለውስ ቃል አላችሁ?» ሲሉ ጠየቁኝ። አለን አልኋቸው።

«ታዲያ ከምን እንደ መጣ ታውቃላችሁ? ቲፎ በሽታ ነው። ቲፎዞ ማለት በቲፎ የታመመ ሰው ማለት ነው።»

«ተስቦ ማለታቸው ነው፣ ጋሼ» ስትል የአጎቴ ልጅ አብራራችልኝ። ትኩሳቱ ናላ የሚያዞር፣ ሕመምተኛውን የሚያስቃዠው ያ ተስቦ! እኛ ቃሉን ስንወስድ በሽታውን በጠረፍ ላይ አራግፈነው ኖሯል ስል አሰብሁ። መሳሳቴን የተረዳሁት ቈየት ብዬ ነው።

አመሻሹ ላይ ወደ ሰፈሩ ቡና ቤት ሄድን። ውድድሩ የሚካሄደው በብራዚል፣ በሳኦ ፓውሎ ከተማ ነበር። ከመጀመሩ በፊት የቤቱ መንፈስ የድግስ መንፈስ ነበር፤ በዋዜማው በባሕሬን በተካሄደው የረጅም ርቀት እሽቅድምድም ፌራሪ የዓለም ሻምፒዮናውን በቡድንም በነጂዎችም አሸንፎ ነበርና። የብራዚሉ ውድድር እንደ ተጀመረ ግን ነገሩ ተበላሸ። የሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኑ ሉዊስ ሃሚልተን በመጀመሪያው ዙር ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ መኪናው ተጎዳ፤ በኋላም ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ሻርል ለክለር ደግሞ በስድስተኛው ዙር፣ ሌሎች ሁለት መኪኖች እርስ በርሳቸው ሲነካኩ አንደኛው ተገፍቶ መታው፤ የለክለርም ውድድር እዚያው አበቃ። ተገፍቶ የመታው ወጣት አንድሬአ ኪሚ አንቶኔሊ ይባላል። የቦሎኛ ልጅ ነው፤ የሚነዳው ግን ለመርሰዲስ ነው። ያን ቀን ሁለተኛ ወጣ። በቡና ቤቱ ያሉት ሰዎች ለጎረቤታቸው ልጅ ይደሰቱ ወይስ ለቡድናቸው ይዘኑ ግራ ገብቷቸው፣ አንዱ ማጨብጨብ ጀምሮ መሐል ላይ ሲያቆም አየሁ።

በዚያች ምሽት ፌራሪ ከሁለተኛ ወደ አራተኛ ደረጃ ወረደ። ክርክሩም ተነሣ።

መጀመሪያ የተናገረው ቀይ ቆብ ያደረገ፣ በኤሌክትሪክ ሥራ የሚተዳደር ወጣት ነው። «ከ2007 ወዲህ የነጂዎች ሻምፒዮና የለንም። ከ2008 ወዲህ የቡድኖች ሻምፒዮና የለንም። የመጨረሻው ዋንጫ ሲመጣ እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ አሁን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አምና በ14 ነጥብ ብቻ ተበልጠን ሁለተኛ ሆንን፣ ከርሞ የእኛ ነው ተባልን። ዘንድሮ በዓለም የታወቀውን ነጂ አመጡ፤ በዋና ውድድር ግን አንድም ድል የለም። አለቃው ፍሬድ ቫሰርም በሐምሌ ወር ውሉ ታደሰለት! ኃላፊነት ማለት ታዲያ ምንድን ነው? እኔ ሥራዬን ባበላሽ ቤት ያቃጥላል፤ ማንም ከርሞ ትሞክራለህ አይለኝም።»

ብዙዎች አጨበጨቡለት። እውነት ለመናገር እኔም በልቤ አጨበጨብሁለት፤ ንግግሩ ሥርና ቅርንጫፍ ያለው ነበርና።

የቡና ቤቱ ባለቤት ጎልማሳ ሴት ናት። ፍንጃሎቹን እያጠበች ሳትዞር መለሰችለት። «ከ2008 እስከ 2023 ድረስ አምስት አለቆች ቆጥረናል። ዶሜኒካሊ፣ ማቲያቺ፣ አሪቫቤኔ፣ ቢኖቶ፣ አሁን ደግሞ ቫሰር። ማቲያቺ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። አንገት በተቀላ ቁጥር ከበታች ያለው ሠራተኛ ምን የሚማር ይመስልሃል? አዲስ ነገር መሞከርን ይተዋል። ጥፋት እንዳይገኝበት ብቻ ይሠራል። በፍርሃት የተሠራ መኪና ደግሞ አይሮጥም።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ሽማግሌው ተመለከቱ። እሳቸው ብርጭቋቸውን ወደ ጎን አደረጉ።

«እናንተ ዛሬ የቆመውን መኪና ታያላችሁ» አሉ። «ዛሬ የቆመው መኪና የዛሬ ሥራ አይደለም። መጀመሪያ በሐሳብ ነው ያለው፣ ቀጥሎ በወረቀት፣ ቀጥሎ ነፋስ እየተነፋበት የሚፈተን ትንሽ አምሳያ ይሆናል፣ ከዚያ ነው ወደ ብረት የሚመጣው። መሐንዲስ ከሌላ ቡድን ብታመጣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወራት ያልፋሉ፤ አሳቡ መኪና ሆኖ እስኪወጣ ደግሞ ሌላ ዓመት ያልፋል። ስለዚህ ባለፈው እሑድ ውጤት አለቃ የሚፈርደው ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈርደው በሌላ ሰው ሥራ ላይ ነው።»

ቀጥለውም ታሪኩን በዓመተ ምሕረት እየለዩ አስታወሱ። ዣን ቶድ ቡድኑን ለመምራት ወደ ማራኔሎ የመጣው በ1993 ነው። ያን ጊዜ ፌራሪ የነጂዎችን ሻምፒዮና ካገኘ 14 ዓመት፣ የቡድኖችን ካገኘ 10 ዓመት አልፎት ነበር። ቶድ ሚካኤል ሹማከርን አስመጣ፤ መሐንዲሶችን አንድ በአንድ ሰበሰበ። የቡድኖች ሻምፒዮና የተመለሰው በ1999፣ የነጂዎች የተመለሰው በ2000 ነው። ይህም ማለት አለቃው ከመጣ ከስድስትና ከሰባት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ 2004 ድረስ ማንም አልቻላቸውም። ቶድ በ2007 መጨረሻ ቡድኑን ለዶሜኒካሊ አስረከበ፤ በዓመቱ በ2008 የቡድኖች ሻምፒዮና ተገኘ።

«ያ የመጨረሻው ዋንጫ የማን ነው?» ሲሉ ወጣቱን ጠየቁት። «የዶሜኒካሊ ነው ብትለኝ ልክ ነህ። የቶድ ነው ብትለኝም ልክ ነህ።»

ወጣቱ አልተረታም። «ማክላረንስ?» አለ። «በ2022 መጨረሻ አለቃ ለወጠ። በ2024 ከ1998 ወዲህ የመጀመሪያውን የቡድኖች ሻምፒዮና አገኘ፤ ዘንድሮም ደገመው። ሰባት ዓመት አልፈጀበትም።»

«የሾሙት ማንን ነው?» አሉ ሽማግሌው። «አንድሬአ ስቴላን። ከውጭ የመጣ ተአምረኛ አልፈለጉም፤ ለዓመታት አብሯቸው የሠራውን መሐንዲስ ከፍ አደረጉት። እሱም ከ2000 ጀምሮ እዚህ ማራኔሎ ሲሠራ የነበረ፣ የኛው ቤት ሰው ነው።»

«ታዲያ እንዲሄድ ለምን ተውነው?» አለ ወጣቱ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ አልነበረም። የቡና ቤቱ ባለቤት እንኳ እጇን ከውኃው ውስጥ ሳታወጣ ቆመች። ሁሉም ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ለመጫን ሲከራከሩ አምሽተው፣ ጥያቄው ድንገት ወደ ራሳቸው ዞሮ ነበር።

ዝምታውን የሰበሩት ሽማግሌው ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ የአጎቴ ልጅም ወደ ጆሮዬ ተጠግታ በሹክሹክታ ትተረጉምልኝ ጀመር።

«በ1996 የበጋ ወራት ሹማከር በካናዳ፣ በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝ በተከታታይ መኪናው እየተበላሸበት ቆመ። በፈረንሳይማ ሞተሩ የተቃጠለው ውድድሩ ሳይጀመር፣ መኪኖቹ ለሰልፍ ሲዞሩ ነው። ጋዜጣው ሁሉ ቶድ ይውረድ አለ። ከጋዜጣው በላይ የጮኽሁት እኔ ነበርሁ። ብረት የማውቅ፣ አንድ ዕቃ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የማውቅ ሰው እኔ! በወርክሾፓችን ውስጥ አለቃው ይባረር የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ የለጠፍሁት እኔ ነኝ። በ2000 ኦክቶበር ወር ሹማከር በጃፓን ሲያሸንፍ እዚህ ገና ማለዳ ነበር። የማራኔሎ ቤተ ክርስቲያን ደወል ፌራሪ ባሸነፈ ቁጥር ይደወላል። ያን ጠዋት ደወሉን ልሰማ ሄጄ አለቀስሁ። ሰዎቹ የደስታ እንባ መሰላቸው።»

ይህን ሲሉ እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም። ምክንያቱን ለአንባቢ መናገር ይገባኛል። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነውና።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በአንድ የቴአትር ቡድን ውስጥ በወጣትነት በማገለግልበት ዘመን፣ በዕድሜም በሙያም የሚበልጡን አንድ ዋና አዘጋጅ ነበሩን። ዝግ ያሉ ሰው ናቸው። ተዋናዩ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ለወራት በጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠው ያስነብቡታል። በአንድ የሥራ ዘመን ሁለት ተውኔቶች ተከታትለው ወደቁብን፤ ወንበሩ ከተመልካቹ በዛ። እኛ ወጣቶቹ ጉዳዩን ስናጠና አንድ ሳምንት እንኳ አልቈየንም። ጥፋተኛውን አስቀድመን አውቀነዋል! ግምገማ ሲጠራ እኔ ስለ አዘጋጁ ዝግታ አንድ የሽሙጥ ግጥም ጽፌ ገባሁ። ስምንት ወዳጆቼን ደግሞ በየረድፉ አስቀመጥሁ። ቤት በመታሁ ቁጥር አጨበጨቡ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉት ነገር ነበር፤ የተውኔቶቹ ልምምድ በበጀትና በመብራት እጦት ስንት ጊዜ እንደ ተቋረጠ አንዳችንም አላነሣንም። እሳቸው አንድ ቃል አልመለሱም። ከሳምንት በኋላ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ፤ በቦታቸው እኔ ተመደብሁ።

በሚቀጥለው የሥራ ዘመን ያቀረብነው ተውኔት አዳራሹን ለወራት ሞላው። ድርሰቱን የመረጡት እሳቸው ናቸው። ተዋናዮቹን ለአምስት ወር ያስነበቡት እሳቸው ናቸው። ማን በየት በኩል ገብቶ የት እንደሚቆም በእርሳስ የተጻፈበት የእሳቸው ደብተር በእጄ ነበር። እኔ የሠራሁት የመጨረሻውን ሦስት ሳምንት ነው። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ግን የእኔ ስም ብቻ ነው፤ መጋረጃው ሲከፈት ወጥቼ እጅ የነሣሁትም እኔ ነኝ። ያ ጭብጨባ የማን እንደ ነበረ በዚያች ምሽትም አውቅ ነበር። ዝም አልሁ። ያ ዝምታ ከአሥር ዓመት በላይ ቈየ።

ከሞዴና በባቡር ስመለስ በቃሉ ውስጥ ያለው በሽታ ከጣልያን ጠረፍ ላይ እንዳልቀረ ገባኝ። እኛም ቤት ገብቷል። ትኩሳቱ ሲነሣ ሰው የሚያውቀውን ይረሳል፤ የቶርኖው ሠራተኛ ብረት መቁረጥ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይረሳል፣ የተውኔቱ ሰው ልምምድ ስንት ወር እንደሚፈጅ ይረሳል።

የዚያ ዓመት የእሽቅድምድም ነገር በተከታዮቹ ሳምንታትም ሲያነጋግር ከረመ። በማግሥቱ የፌራሪ ሊቀ መንበር ጆን ኤልካን መሐንዲሶቹንና መካኒኮቹን አመስግኖ፣ ነጂዎቹ ግን በመንዳት ላይ እንዲያተኩሩና ንግግር እንዲቀንሱ በአደባባይ ተናገረ። በባሕሬን የተገኘው ድል ሁሉም አንድ ሆኖ ሲሠራ የሚገኝ ነው ብሎም አነጻጸረ። ስለ አንድነት የተነገረው ቃል መልካም ነበር፤ ሆኖም አንዱን ክፍል በአደባባይ ለይቶ በመውቀስ አንድነት ይገኝ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። በዚያው ወር መጨረሻ አለቃው ቫሰር የ2025ን መኪና በነፋስ ፍተሻ የማሻሻሉን ሥራ ገና በኤፕሪል እንዳቆሙና ኃይላቸውን ወደ 2026 እንዳዞሩ ገለጸ። በ2026 የሞተሩ ጉልበት ግማሽ ያህሉ ከኤሌክትሪክ እንዲሆን፣ የመኪናው ክንፍም በሩጫ ላይ እንዲንቀሳቀስ አዲስ ደንብ ወጥቶ ነበርና። ፌራሪም የ2025ን ዘመን ከ24 ዋና ውድድሮች አንዱንም ሳያሸንፍ በአራተኛነት ፈጸመ። የዘመኑ ድል በመጋቢት ወር በሻንግሃይ ሃሚልተን ያሸነፈው አጭሩ ውድድር ብቻ ነበር። የቀይ ቆቡ ወጣት ያን የኤፕሪሉን ውሳኔ ሲሰማ ምን እንዳለ የአጎቴ ልጅ በስልክ ነገረችኝ። «ይህን በኤፕሪል ቢነግሩን ኖሮ እንታገሥ ነበር» አለ አሉ።

በዚህ አባባሉ ውስጥ ትልቅ ቁም ነገር አለ። ትዕግሥት የተመልካች ግዴታ ብቻ አይደለም። መሪ የሥራውን እውነት ደብቆ ከሕዝብ ትዕግሥት ሊጠይቅ አይችልም። እኔም መሪ አይነካ፣ ሒስ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ሒስ የሌለበት ሥራ ውኃ የማይፈስበት ኩሬ ነው። የማለው አንድ ነገር ነው። በትምህርት ቤትም ሆነ በመድረክ፣ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በማኅበር ሰው ይውረድ ብለን እጃችንን ከማውጣታችን በፊት፣ የምንፈርደው በማን ዘመን በተጀመረ ሥራ ላይ እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ ከጥፋቱም የእኛ ድርሻ ስንት እንደ ሆነ አስቀድመን እንናገር። ሒስን ከቲፎዞ ጩኸት የሚለየው ይህ ግለ ሒስ ይመስለኛል።

አገሬ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቀድሞው አዘጋጃችን ቤት ሄድሁ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ጠጉራቸው ነጥቷል። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው እስኪቀርብ ድረስ ስለ ጤናና ስለ ልጆች ተጨዋወትን። ከዚያ በላይ ማዘግየት አልቻልሁም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ስለዚያ ግጥም፣ ከዚያም ስለ ተውኔቱ» አልኋቸው።

ፍንጃላቸውን አስቀመጡ። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «ተውኔቱን አይቼዋለሁ» አሉ። «በተከፈተበት ቀን። ትኬት ቆርጬ ገብቼ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ሁለተኛው ገቢር ላይ ሰንብቶ የማይስተካከለው የነበረው አገባብ ተስተካክሎ አየሁት። የአንተ ሥራ ነው መሰለኝ።»

አዎ፣ የእኔ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ውስጥ የእኔ የሆነው እሱ ብቻ ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ።

«ሲያልቅ ከሰዉ ጋር ተነሥቼ አጨበጨብሁ» አሉኝ።